ዲላ በእሸት ቡና ሰሞን

እሸት ቡና አያድርም። ገበሬው ከጠዋት ጀምሮ ይለቅማል፣ አመሻሽ ላይ ቀዩን ፍሬ በኬሻ ይዞ ሚዛን ፊት ይሰለፋል። ፍሬው በዚያው ሌሊት ካልተፈለፈለ ተከምሮ ይሞቃል፣ መቡካት ይጀምራል፣ በማግስቱ ጣዕሙ የተበላሸ ቡና ይሆናል። በጌዴኦ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ብዙ ሰው የሚያመሸው በዚህ ምክንያት ነው። መዛኙ ያመሻል፣ የአይሱዙ ሾፌሩ ያመሻል፣ ጫኝና አውራጁ ያመሻል፣ የመፈልፈያ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ ደግሞ እዚያው ያነጋል። ያመሸ ሰው ይርበዋል። ዲላን በኅዳር፣ ያውም በምሽት፣ ያውም በእግር ለመዞር የመረጥኩት እነዚህ ሰዎች ምን እንደሚበሉና የማንን ቡና እንደሚጠጡ ለማየት ነው።

በጌዴኦ ስለሚበቅለው የይርጋ ጨፌ ቡና የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የቀን ጽሑፍ ነው። ከባሕር ማዶ የሚመጡ ቀማሾችና ገዢዎች ረፋድ ላይ በላንድክሩዘር ይደርሳሉ፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ያያሉ፣ ቀይ ፍሬ በእፍኛቸው ይዘው ፎቶ ይነሳሉ፣ ጀንበር ሳትጠልቅ ወደ ሐዋሳ ይመለሳሉ። ያዩትን በሐቅ ይጽፋሉ። ሥራው የሚጀምረው ግን እነሱ ከሄዱ በኋላ ነው።

ዲላ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከምሥራቁ ደጋ ወደ አባያ ሐይቅ ዝቅ በሚለው ተዳፋት ላይ የተቀመጠች የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 59,150 ነዋሪ ነበራት፤ ዛሬ ከዚያ በእጅጉ ሰፍታለች። መሀሏን ሰንጥቆ የሚያልፈው አስፋልት ወደ ሞያሌ የሚወርደው፣ ካይሮን ከኬፕታውን ያገናኛል የሚባለው ታላቁ መንገድ አካል ነው። በዚህ መንገድ ላይ ቀን የሚገዛው መኪና ነው፤ የጭነት መኪና፣ አውቶቡስ፣ ሚኒባስ፣ በየመሀሉ የሚሽሎከለከል ባጃጅ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን የመንገዱ ጠርዝ ለእግረኛና ለከሰል ምድጃ ይለቀቃል። ቀን የስልክ ካርድና የፕላስቲክ ጫማ ሲሸጥባቸው የዋሉት ደጃፎች ላይ ረከቦት ይወጣል፣ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ በርጩማ ይደረደራል።

የመጀመሪያውን ሲኒ የጠጣሁት ከመናኸሪያው ብዙም ሳልርቅ ነው። ቤት ውስጥ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስት ዙር የሚጠጣው ቡና እዚህ በሲኒ ተቆጥሮ ይሸጣል፤ ሰው አንዷን ጠጥቶ ይነሳል፣ ሌላ ሰው ይተካል። ሥርዓቱ ግን ጨርሶ አልጠፋም። ባለ ጀበናዋ ቆልታ ስትጨርስ ጭሱን ለተቀመጠው ሁሉ ታዞራለች፣ በሲኒው ላይ ጤና አዳም ጣል ታደርጋለች፣ ጨው የሚፈልግ ካለ ትጠይቃለች። ከጎኔ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች በጌዴኡፋ ያወራሉ፣ ለእሷ በአማርኛ ያዝዛሉ፣ በስልክ ሲደወልላቸው በኦሮምኛ ይመልሳሉ። የዲላ ምሽት ቋንቋ ይህ ነው፤ ጌዴኦ፣ ጉጂ፣ ሲዳማ፣ ጉራጌ፣ አማራ በአንድ ረከቦት ዙሪያ ይቀመጣል፣ ማንም ለማንም አያስተረጉምም።

«እትዬ፣ ቡናው የየት ነው?» አልኳት።

«የየት ይሆናል ብለህ ነው ወንድሜ? የኛው ነው እንጂ።»

ገፋ አድርጌ ስጠይቃት በይርጋ ጨፌ መንገድ ላይ ካለችው ከወናጎ፣ ከባሏ እናት ጓሮ እንደሚመጣላት ነገረችኝ። አሮጊቷ ከዛፉ ላይ የቀረውንና መሬት የወደቀውን ለቅመው ከነልጣጩ ያደርቁታል፣ ጀንፈል ሲሆን በሙቀጫ ይወቅጡታል፣ በየሳምንቱ በሰው ይልኩላታል። ከዚያ የጎደለውን ከገበያ ትሞላለች። ከገበያ የሚገኘው ደግሞ ለውጭ ሳይመረጥ የቀረው ነው። የኤክስፖርት ደረጃ ያለውን ቡና በአገር ውስጥ ገበያ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ፣ በማጠቢያ ጣቢያ የተፈለፈለው፣ በገንዳ የቦካው፣ በንጹሕ ውኃ የታጠበውና በአልጋ ላይ የደረቀው ምርጥ ቡና ታሽጎ በእነዚሁ መብራቶች ሥር ወደ አዲስ አበባ ያልፋል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እዚህ ዲላ ቅርንጫፍ አለው፤ ናሙናው ይቀመሳል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ መኪናው ይሄዳል።

የሕጉ ምክንያት ይገባኛል። አገሪቱ ከቡና የምታገኘውን የውጭ ምንዛሪ ከሌላ ሰብል አታገኝም። ያም ሆኖ ኬሻውን በትከሻው ተሸክሞ የሚጭነው ሰው በውስጡ ያለውን ጣዕም አለማወቁ ከልብ ያሳዝነኛል። የታጠበ ይርጋ ጨፌ ለስለስ ተደርጎ ሲቆላ የሎሚና የአበባ ሽታ አለው፤ ዓለም ስሙን ያወቀው በዚህ ሽታ ነው። በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ የደረሰው የይርጋ ጨፌ፣ የሲዳሞና የሐረር ስሞች የባለቤትነት ጉዳይ አከራክሯቸው ከቆየ በኋላ ነው። ስለ ስሙ ይህን ያህል ተከራክረዋል፤ ጣዕሙ ግን ስሙን በሰጠው አገር ጎዳና ላይ አይገኝም።

ይህን ስል የዲላ የጀበና ቡና ያንሳል ማለቴ እንዳይደለ ይታወቅልኝ። ሌላ ቡና ነው። ዘይቱ ፊቱ ላይ እስኪያብረቀርቅ ይቆላል፣ አበባው ይጠፋል፣ በምትኩ ወፍራምና ጥቁር፣ ከጤና አዳሙ ጋር ጉሮሮ የሚጠርግ መጠጥ ይሆናል። ሌሊቱን ሙሉ ኬሻ ሲያወርድ ለሚያድር ሰው ከዚህ የተሻለ ቡና አላውቅም። የጓሮ ጀንፈልን በሙቀጫ ወቅጦ፣ በምጣድ ቆልቶ እዚህ ጣዕም ላይ የሚያደርሰው ደግሞ የእነዚህ ሴቶች እጅ ነው። በቡና ጉዳይ በሚጠሩ ስብሰባዎች ላይ ላኪ፣ አቅራቢ፣ ገበሬ፣ ባለሙያ ይወከላል። ቡናን ለአገሩ ሰው የምታቀርበው ሴት ግን ወንበር ይዛ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ወደ ገበያው ሠፈር ቁልቁል ወረድኩ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን የምግቡ ረድፍ ይጀምራል። በትልቅ ድስት የተቀቀለ ድንች፣ ከጎኑ በትንሽ ሳህን ዳጣ፤ ድንቹ ለሁለት ይከፈላል፣ ዳጣው በማንኪያ ጀርባ ይቀባል፣ በወረቀት ተይዞ በቁም ይበላል። ዳጣው ቀይም አረንጓዴም አለ። አረንጓዴው ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና በሶብላ በድንጋይ ላይ ተፈጭተው የተሠራ ስለሆነ ከአፍ በፊት አፍንጫ ይቀምሰዋል። ቀጥሎ በባልዲ የተቀቀለ እንቁላል ከሚጥሚጣ ጋር፣ በመስታወት ሣጥን የተደረደረ ሳምቡሳ፣ በትኩስ ዘይት የሚገለባበጥ ፓስቲ፣ እየተሰፈረ የሚሸጥ ቆሎና ለውዝ። የእሸት በቆሎ ጊዜ አልፏል፤ በነሐሴና በመስከረም ይህ መንገድ ሁሉ በቆሎ ጥብስ ብቻ እንደሚሸት ነገሩኝ። በኅዳር ተራው የስኳር ድንችና የሸንኮራ ነው።

ወደ ዩኒቨርሲቲው በሚወስደው አቅጣጫ የሚበላው ነገር ይለወጣል። ዲላ ዩኒቨርሲቲ በ1988 ዓ.ም. የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሆኖ ነው የጀመረው፤ በ1998 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከየክልሉ የመጣ ተማሪ የየከተማውን ልማድ ይዞ ይመጣል። ዳቦ ለሁለት ተሰንጥቆ የድንች ጥብስ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ሚጥሚጣ የሚጠቀጠቅበት እርጥብ እዚህ ሠፈር የሌሊት እራት ነው። ከማጥኛ ክፍል የወጡ ልጆች አንዱን እርጥብ ለሁለት ተካፍለው፣ ሻይ በዝንጅብል አዝዘው፣ ስለ ፈተና እየተከራከሩ ይቆማሉ። አቮካዶና አናናስ ደግሞ የዲላ የራሷ ሀብት ናቸው፤ ከተማዋ ዙሪያዋን ፍራፍሬ የታጠረች ናት። አቮካዶው በማንኪያ ተፍቆ በብርጭቆ ሲቀርብ ስኳር ጠብ አይልበትም፣ ሎሚ ብቻ ይጨመቅበታል። አዲስ አበባ ላይ በስኳር የሚሰጠንን ካስታወስኩ በኋላ ሁለተኛ አዘዝኩ።

በዚህ ሁሉ መሀል ግን አንድ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ጌዴኦ የሚኖረው በእንሰት ነው። ቆጮው፣ ቡላው፣ አሚቾው የየቤቱ ማዕድ ነው፤ ክትፎ ቤቶችም ቆጮ ያቀርባሉ። የጎዳናው ረድፍ ላይ ግን ያየሁት ሁሉ ስንዴና ድንች ነበር። ቆጮ የቤት ሥራው ብዙ ነው፤ ይፋቃል፣ ጉድጓድ ገብቶ ለሳምንታት ወይም ለወራት ይብላላል፣ ወጥቶ ይጨመቃል፣ ይከተፋል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚጋገረው። ሥራው ሁሉ በሴት እጅ ላይ ነው፤ እንሰቱም ጓሮ ይፈልጋል። ጎዳና ላይ የምትሸጠው ሴት ብዙውን ጊዜ ጓሮ የሌላት ናት። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሳው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ሲፈናቀል፣ የዲላና የአካባቢዋ ትምህርት ቤቶች፣ አብያተ ክርስቲያናትና የመንግሥት ግቢዎች መጠለያ ሆነው ነበር። አብዛኛው ሰው ተመልሷል። ድንቹን በዳጣ የምትሸጥ አንዲት ወጣት ግን የእነሱ ቤተሰብ እንሰት ተቆርጦ ስለጠበቃቸው እንደገና ተክለው እስኪደርስ ከተማ መቅረታቸውን ነገረችኝ። እንሰት ተተክሎ ለመብል የሚበቃው ከዓመታት በኋላ ነው። እሷ ድንቹን እየቀባች የምትጠብቀው ይህን ሁሉ ዓመት ነው።

ካፌዎቹም የምሽቱ አካል ናቸው። በአስፋልቱ ላይ የተደረደሩት ባለመስታወት ካፌዎች ማኪያቶ ያወጣሉ፣ ስፕሪስ ይቀዳሉ፣ ኳስ ካለ ወንበሩ ሁሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ይዞራል። ከጀበና ቡናው ጋር ሳወዳድራቸው አንድ ልዩነት ወዲያው ይታያል። ካፌ ውስጥ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የሚቀመጠው ወንድ ነው፤ ሴት ካለች አስተናጋጅ ናት። በረከቦቱ ዙሪያ ግን ባለሙያዋም፣ ጎረቤቷም፣ ከቤተ ክርስቲያን የምትመለሰው እናትም ይቀመጣሉ። በሌሊት ከተማን ማየት ለሚፈልግ ሰው የምመክረው በርጩማውን ነው።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ተማሪው ወደ ግቢው ይገባል፣ ኳሱ ያልቃል፣ ቆሎ ሻጩ ይሸክፋል። የሚቀረው የቡናው ሰው ነው። በዚህ ሰዓት ነው ከየወረዳው እሸት የሚያጓጉዙት አይሱዙዎች ብቅ የሚሉት። አንዱ ሾፌር እሸቱን ጣቢያ አራግፎ ለሁለተኛ ዙር ሲመለስ ነዳጅና እራት ፍለጋ ዲላ ገብቶ አገኘሁት። ከረዳቱና ከሁለት ጫኞች ጋር እንቁላልና ዳቦ በልቶ፣ ሁለት ሲኒ ቡና በላዩ ጠጥቶ ተነሳ። ገዢው ስንት ኪሎ እንደሚሰበስብ አስቀድሞ አያውቅም፣ ስለዚህ እሱም ስንቴ እንደሚመላለስ አያውቅም። «ዝናብ የጣለ ቀን ጭቃው ይይዘናል፤ እሸቱ ደግሞ አይጠብቅም» አለኝ። ጭቃ ሲይዛቸው ጫኞቹ ኬሻውን አውርደው፣ መኪናውን ገፍተው፣ መልሰው ይጭናሉ። የሚከፈላቸው ለአንዱ ጭነት ነው። ይህን እያወራን ቡና የቀዳችልን ሴት የእሸቱ ሰሞን ካለቀ በኋላ ከ3 ሰዓት በላይ እንደማትቀመጥ ነገረችን። ለልጆቿ የደብተርና የልብስ ብር የምትይዘው በእነዚህ ሦስት ወራት ሌሊት ነው።

በማግስቱ እሸቱ ወደሚለቀምበት፣ ወደ ኢዲዶ መንደር ሄድኩ። ከዲላ በወናጎ በኩል ወደ ይርጋ ጨፌ ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ኢዲዶ ከይርጋ ጨፌ ወጣ ብላ በከፍታው ላይ ናት። ዛፍ ያልሸፈነው መሬት በመንገዱ ላይ እምብዛም አይታይም። ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ ጥላ ቡና፣ ከቡናው እግር ጎደሬና ጎመን። ተመራማሪው ታደሰ ኪጴ በ2002 እ.ኤ.አ. በሆላንድ ዋግኒንገን ለዶክትሬት የጻፈው ጥናት ይህን የአያያዝ ጥበብ ነው የተነተነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ የተቀመጠው የዩኔስኮ ጉባኤ ደግሞ የጌዴኦን መልክዓ ምድር፣ ከነትክል ድንጋዮቹና ከነባህላዊ ደኖቹ፣ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በዚህች 1,211 ካሬ ኪሎ ሜትር በማትሞላ ዞን 847 ሺህ ሰው ይኖር ነበር። ያን ያህል ሕዝብ ይዞ ዛፉን ያላጣ ገጠር በአገራችን ሌላ ቦታ ማየቴን አላስታውስም።

የኢዲዶን ስም የውጭ ቀማሾች የሚያውቁት ከማንም የይርጋ ጨፌ መንደር በፊት ነው። ላኪው አብዱላህ ባገርሽ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. ከዚህ ቀይ እሸት ብቻ መርጦ፣ ሳይታጠብ ከነልጣጩ በአልጋ ላይ እያገላበጠ በማድረቅ ያቀረበው ቡና «ሚስቲ ቫሊ» ተብሎ ገነነ። እስከዚያ ድረስ እዚህ ጀንፈል የደካማ ቡና ስም ነበር። ፍሬው በቀይነቱ ከተለቀመ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሳይሰለቹ ካገላበጡት፣ ከነልጣጩ የደረቀ ቡናም የታጠበውን ሊበልጥ እንደሚችል ያሳየው ይህ መንደር ነው። በ2001 ዓ.ም. የግል ነጋዴው ቡና በምርት ገበያው በኩል እንዲያልፍ ሲደረግ በዚያ መንገድ የመንደሩን ስም ይዞ መሸጥ ቀረ፤ ገበሬዎቹ የምርታቸውን ስም ተነጠቁ ማለት ነው። በ2009 ዓ.ም. በወጣው የቡና አዋጅ ቀጥታ ሽያጭ ሲፈቀድ ስሙ ተመለሰ። ዛሬ የኢዲዶ ቡና በስሙ ይሸጣል።

አመሻሽ ላይ በአንዱ መቀበያ ሚዛን አጠገብ ቆምኩ። ወረፋው ከአጥሩ ውጪ ይጀምራል። ሴቶች ኬሻውን በጀርባቸው፣ ልጆች ደግሞ በፌስታል ይዘው መጥተዋል። ሸክማቸውን አውርደው ሲጠብቁ ከቤት ያመጡትን የቆጮ ቂጣ ቆርሰው ይበላሉ። ዲላ ጎዳና ላይ ያጣሁትን እዚህ አገኘሁት፤ አንዲት ሴት ቆርሳ ሰጠችኝ፣ በጎመን ነበር። በዚህ ምድር ገበሬ ስለ ቡናው ሚዛን መከራከሩ አዲስ ነገር አይደለም። በ1960 እ.ኤ.አ. የጌዴኦ ጭሰኞች ሲያምፁና ሚጪሌ ላይ ደም ሲፈስ ከጥያቄዎቹ ዋነኛው ባለርስቶች ከቡናው የሚወስዱት ድርሻ ነበር። ዛሬ ባለርስት የለም። ሚዛኑን ግን ሁሉም አንገቱን አስግጎ ያነባል።

ቆጮውን የሰጠችኝ ሴት በውጭ አገር አንድ ሲኒ ስንት እንደሚሸጥ ጠየቀችኝ። ወደ ብር ለውጬ ነገርኳት፤ ያን ዕለት ለአንድ ኪሎ እሸት ከተቀበለችው ይበልጣል። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ወደ 6 ኪሎ እሸት እንደሚያስፈልግ እሷ ነች የነገረችኝ፤ ከዚያ አንድ ኪሎ ከ50 ሲኒ በላይ እንደሚወጣ እኔ ጨመርኩ። ሒሳቡን በዝምታ ሠራችው። መፈልፈያውን፣ ማጓጓዣውን፣ መጋዘኑን፣ የመርከቡን፣ የቆዪውን፣ የካፌውን ኪራይ ዘረዘርኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «የመርከቡ ይግባኝ፤ የሌሊቱ ግን የኔ ነው» አለችኝ። እሸቱ ስለማያድር በዚያው ቀን መሸጥ ግዴታ ስለሆነባት ገዢው በጠራው ዋጋ እንደምትለቅ ነገረችኝ።

ከመጪው ዓመት ጀምሮ ግማሹን ቤቷ ልታደርቅ አስባለች። ጀንፈል ከሆነ እስከ ሚያዝያ ይቀመጣል፣ ዋጋ አይቶ ይሸጣል። የቸገራት ለአልጋ የሚሆን ሽቦና ባሏን ማሳመን ነው። እሱ በኅዳር ጥሬ ብር ይፈልጋል፤ የልጁ የዩኒቨርሲቲ ወጪ አለ፣ የቤቱ ቆርቆሮ መለወጥ አለበት። ልጇ የሚማረው ዲላ ነው። በዕረፍቱ መጥቶ ኬሻ ሊያነሳላት ከጎኗ ቆሟል። ሽቦውን እሱ ከዲላ ገበያ ጠይቆ ዋጋውን በስልክ እንዲልክላት እዚያው ሚዛኑ ፊት ቃል አስገባችው።